የሐረር መጻሕፍትና የእስላማዊ ጥበብ ጠባይ

በድሬ ዳዋ ደቻቱን ተሻግሮ ወደ መጋላ የሚዘልቅ ሰው የመስጊዶቹን ሚናሬት ከሩቅ ያያል። ነገር ግን ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ1902 ከምድር ባቡሩ ጋር የተወለደች ናት፤ ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከሥር ቀረ፣ ጣቢያውም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። ስለዚህ የእስላማዊውን ጥበብ ሥር ለማግኘት ወደ አሮጌይቱ ሐረር መውጣት ግድ ይሆንብናል።

ይህ ጥበብ ሥዕልን ስለሚከለክል ድኻ ነው ሲባል እንሰማለን። አሳቡ ትክክል አይደለም። በፋርስና በሕንድ የታሪክና የቅኔ መጻሕፍት በሰውና በእንስሳ ሥዕል ያጌጡ ነበሩ። በመስጊድና በቁርዓን ግን የሥዕሉን ስፍራ ፊደልና ሐረግ ይዘውታል፤ ከጥበባትም ሁሉ የጽሕፈት ጥበብ ይከበራል። የብራና መጻሕፍታችንን ሐረግ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም።

በሐረር በ1162 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ1749፣ የተጻፈ አንድ ቁርዓን ዛሬ በውጭ አገር በኸሊሊ ስብስብ ይገኛል። ሊቃውንት እንደ መረመሩት፣ ጽሕፈቱና ጌጡ ከግብፅ የማምሉኮች መጻሕፍትም፣ ከሕንድ ሱልጣኖች መጻሕፍትም ጋር ይዛመዳል። ይህ ሊያስደንቀን አይገባም፤ ነጋዴው፣ ሐጃጁና ደረሳው በዘይላ በኩል ባሕር ይሻገሩ ነበርና። ብራናችን ከአገራችን ፍየልና በግ ቆዳ ሲወጣ፣ የሐረር ጸሐፊ የሚጽፍበት ወረቀት ግን ራሱ በባሕር የመጣ ነበር። የሐረር ሰው የመጣለትን ሁሉ ወስዶ የራሱ አደረገው እንጂ የአንዱን አገር መልክ ብቻ አልገለበጠም።

ይልቁንም የታወቀበት መጽሐፍ በቆዳ መደጎስ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ገብቶ ስለ ከተማይቱ ብዙ ክፉ ነገር ጽፏል፤ ስለ ጥራዙ ጥንካሬና ውበት ግን ከምሥራቅ አገሮች ከፋርስ በቀር የሚበልጠው የለም ብሎ መስክሯል። ከማይወድ ሰው አፍ የወጣ ምስጋና ስለሆነ እኛ ትልቅ ዋጋ እንሰጠዋለን።

የታተመ ቁርዓን በርካሽ በተገኘ ጊዜ ግን ጸሐፊውም ጠራዡም ሥራ ፈቱ፤ መጻሕፍቱም እየተሸጡ ከአገር ወጡ። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የቀሩትን ከየቤቱ ሰብስበው በስማቸው የሚጠራውን ሙዚየም አቋቋሙ። የተቀዳደዱትን እየጠገኑ፣ ሊጠፋ የቀረበውን የጥረዛ ሙያም ለወጣቶች አስተማሩ።