ሸክም ያቀናው የእግር መንገድ



ባለፈው ዓመት ስለ ዓመታዊ ጉዟችን ስንወያይ፣ የሒሳብ ሥራውን የያዝነው አባላት የአውቶቡስ ኪራዩን ደምረን አየነው። ለሁለት እህቶች የሥራ መነሻ ብድር ሊሆን የሚችል ገንዘብ ነበር። «ታክሲ እስከሚያደርሰን በታክሲ፣ የቀረውን በእግራችን ብንሄድስ?» የሚል ሐሳብ አቀረብን። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ቅርባችን ናቸው፣ ጫካውም ሜዳውም እዚያው አለ አልን። ብዙዎቻችን ደስ አለን።

ከእናቶቻችን አንዷ ግን ተነሥተው «እንጦጦን እየወጣሁና እየወረድኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ለሽርሽር ብላችሁ አትጥሩኝ» አሉን። ቤቱ ጸጥ አለ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን ያ ጸጥታ ነው።

እውነት ነው፣ በአገራችን እናቶቻችን ያለ ጉዳይ አልተጓዙም። ለገበያ፣ ለንግሥ፣ ለጠበል፣ ለለቅሶ፣ ለውኃና ለማገዶ ነው የሄዱት። ዛሬ እኛ «ንጹሕ አየር» ብለን የምንሄድበት መንገድ በማን እግር እንደተረገጠ ማወቅ ስለፈለግን፣ ያነበብነውንና ከእናቶች የሰማነውን እንዲህ አቀናበርነው።

ታሪኩ ከማገዶ ይጀምራል። አፄ ምኒልክ በ1870ዎቹ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ አድርገው ነበር። ተራራው ለጥበቃ ይመቻል፣ ለኑሮ ግን ብርድ ነው፣ እንጨቱም እየራቀ ሄደ። እቴጌ ጣይቱ የፍልውኃውን አካባቢ ወደዱት፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ይሁንና እንጦጦ ክብሩ አልቀረበትም፤ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው።

ችግሩ ግን አብሮ ወረደ። ከተማዋ ስትሰፋ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለምድጃ ተቆረጠ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ ምዕራብ ለማዛወር አስበው አዲስ ዓለምን ቆረቆሩ። ዛሬ ከአስኮ በቡራዩና በሆለታ አድርገን ወደ አምቦ ስንሄድ የምናልፈው መንገድ ወደዚያ የሚወስደው ነው። ከተማው ግን አልተዛወረም። ለቤተ መንግሥት ታስቦ የተጀመረው ሕንፃም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ አዲስ ዓለም ማርያም።

አዲስ አበባን በቦታዋ ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው ይባላል። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከውጭ የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በጥቂት አሥርት ዓመታት እንጦጦንና ዙሪያውን ሸፈነ። መጻሕፍት ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል፤ ዛፉ መጣ፣ ከተማዋ ተረፈች። እኛ ግን የሒሳብ ሰዎች ስለሆንን አንድ የጎደለ መስመር አየን። ዛፉ ከተራራው ወደ ምድጃው በራሱ አልሄደም። ማን ተሸከመው?

በአብዛኛው ሴቶች ናቸው የተሸከሙት። ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው፣ ቅጠሉንና ጭራሮውን ለቅመው፣ በገመድ አስረው፣ ከ30 ኪሎ በላይ በጀርባቸው አዝለው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱት እነሱ ናቸው። ያ ቅጠል ስንቱን የእንጀራ ምጣድ አግሏል! ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ «የትራንስፖርት ወጪ» ተብሎ አልተጻፈም። አንበሳ አውቶቡስ ጣሊያን ትቷቸው በሄደው መኪናዎች በ1935 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርም፣ የማገዶው ጉዞ በጀርባ እንደሆነ ቀረ።

ለጉዞው የመጀመሪያ ቀን እኚያ እናታችን ሳንጠራቸው መጡ። «መንገዱን ስለማታውቁት ነው» አሉ። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስንወጣ ከአስፋልቱ ዳር ያለውን ቀጭን ዱካ አሳዩን። አንድ ቦታ ላይ ወገብ የሚያክል የአፈር ጉብታ ነበር። እኛ ዝም ብለን ልናልፈው ስንል እሳቸው ቆሙ። «ይኼ ማሳረፊያችን ነበር። ሸክም ያላት ሰው መሬት ላይ ከተቀመጠች የሚያነሣት ያስፈልጋታል። እዚህ ላይ ግን ሸክሙን አስደግፋ ትተነፍስና ብቻዋን ትነሣለች።» ከዚያ ጀርባቸውን አስደግፈው ትንሽ ቆዩ። ማንም ፎቶ አላነሣም።

ትንሽ ወጣ እንዳልን ሁለት ሴቶች ቅጠል ተሸክመው ወደ እኛ ወረዱ። ታሪክ ያልነው ነገር ገና አላለፈም። ዳር ይዘን መንገዱን ለቀቅንላቸው። እናታችን «አይዟችሁ» አሏቸው፣ እነሱም ቀና ሳይሉ «እግዜር ይስጥልን» ብለው አለፉ። ይህን ሸክም ትተው በሽመናና በጥልፍ ሥራ ለመኖር የተደራጁ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማህበር በከተማችን እንዳለ የብዙዎቻችሁ እውቀት ነው። የእኛም ማህበር ብድር ለዚህ ዓይነት ለውጥ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ከእንጦጦ ወዲያ ማዶ ሱሉልታ ነው። ከአዲሱ ገበያ በሚኒባስ ይደረሳል። ሜዳው ሰፊ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ወገን ደግሞ ሴቶች ወተትና ቅቤ ይዘው ወደ ከተማ ገበያ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። ዛሬ በዚያው ሜዳ ሯጮች ማለዳ ሲለማመዱ ይታያሉ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር አሸንፋ ከአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤት ስትሆን፣ የሴት እግር ለወርቅም እንደሚሮጥ ዓለም አየ።

በቡራዩ በኩል ገፈርሳ አለ። የለገዳዲ ግድብ ከመሠራቱ በፊት ጀምሮ ለአዲስ አበባ ውኃ ሲያቀብል የኖረ ነው። ውኃው ዳር ወፎችን ለማየት ለሚፈልግ ጥሩ ቦታ ነው። እኛ ከዳገቱ ላይ ቁጭ ብለን ቆሎ እየበላን ስናየው፣ እንስራ አዝላ ምንጭ የወረደችውን ሴት ያሳረፋት የቧንቧ ውኃ ከየት እንደመጣ ለልጆቻችን ነገርናቸው።

የሰበታው ጉዞ ከሁሉም ይረዝማል። ከወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የሱባ መናገሻ ደን ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው ያስደንቃል፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም ይኖሩበታል። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተክለዋል። እንጦጦ ሲራቆት ይህ ደን መትረፉ፣ ዛፍ የሚተርፈው ጠባቂ ሲኖረው መሆኑን ያሳያል። እስከ ሰበታ በታክሲ ሄደን፣ ከዚያ ባጃጅ ተከራይተን፣ የቀረውን በእግራችን ገባን።

ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። መሬቱ በፍጥነት ቤት እየሆነ ነው፤ ካቻምና እርሻ የነበረው ዛሬ አጥር ነው። ዱካዎቹ ሳይጠፉ እናቶቻችንን ጠይቀን ስማቸውንና ታሪካቸውን ብንጽፍ መልካም ነው እንላለን።

ለመሄድ የምታስቡ እህቶች፦ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ቢያንስ አምስት ሁኑ። ማለዳ ወጥታችሁ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ወደ ታክሲው ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ሰልፉ ይረዝማል። ዝርዝር ብር ያዙ። የሰው ማሳ አትርገጡ። ያገኛችሁትን ሰው «አካም ጅርቱ» በሉ፤ መንገዱን ከማንም በላይ የሚያውቁት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። በክረምት ጭቃው ስለሚያስቸግር ከመስከረም በኋላ ይሻላል።

ከአውቶቡስ ኪራይ የተረፈው ገንዘብ በብድር ሣጥኑ ገቢ ሆኗል፤ ደረሰኙን ማየት የምትፈልጉ ወደ ሒሳብ ክፍሉ ብቅ በሉ። የሚቀጥለውን የእንጦጦ ጉዞ የሚመሩት እኚያው እናታችን ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋል፦ «ማሳረፊያው ጋ ስንደርስ ሁላችንም ቆመን እንተንፍስ።»

ቸር ያገናኘን።