ከጎንደር ገበያ እስከ ቴሌቪዥን መስኮት

ጎንደር የነገሥታት መናገሻ ብቻ ሳትሆን የሲራራ ነጋዴዎች መገናኛም ነበረች። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከምጽዋና ከመተማ የሚመጡ መንገዶች በገበያዋ ሲገናኙ፣ መገበያያው ከአፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። በዚያን ዘመን የሻጭ አንደበት ብቻውን ዕቃ አይሸጥም። ባላገሩ አሞሌው እንዳልተሸረፈ፣ በብሩ ላይም በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ያሉት ነጥቦች እንዳልጠፉ ሳያረጋግጥ አይቀበልም ነበር። ማሩን ይቀምሳል፤ ቅቤውን ያሸታል፤ ሸማውን ይዳስሳል። ሻጩም ፊት ለፊት ስለሚታወቅ፣ ያታለለ እንደሆነ በሚቀጥለው ገበያ ይጠየቃል።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራውን ጀምሮ ከጊዜ በኋላ ወደ ጎንደርና ወደ ሌሎች ከተሞች ተዳረሰ። የንግድ ማስታወቂያ በመስኮቱ ሲገባ ግን ዕቃው ከሸማቹ እጅ ራቀ፤ የቀረው ምስል፣ ዜማና የታዋቂ ሰው ፊት ሆነ። ተከፍሎት የሚያወድሰው ተዋናይ አይቶ የመሰከረ መስሎ ይታያል።

እጅና አፍንጫ ያልደረሱበትን ሕግ ሊደርስበት ግድ ሆነ። አዋጅ ቁጥር 759/2004 እና አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ከለከሉ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ።

ይሁን እንጂ ንቁ ሸማች የሌለው ሕግ ከወረቀት አያልፍም። ባላገሩ ነጥብ እንደቆጠረ ሁሉ፣ የዛሬው ተመልካችም የሚያሞግሰው ማን ከፍሎት እንደሆነ፣ ማስረጃውስ የት እንዳለ ሊጠይቅ ይገባል። ይህን ልማድ ማስተማር የመምህሩ፣ ፊቱንና ድምፁን ለሐሰት አለማከራየት የከያኒው ኃላፊነት ነው።