የፕላስቲክ ትል

የፕላስቲክ ትል በሰሜን አሜሪካ ባስ የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ የሚያገለግል፣ ከለስላሳ ፕላስቲክ የሚሠራ ማባበያ ነው። በኦሃዮ ግዛት፣ በአክሮን ከተማ ይኖር የነበረው ኒክ ክሪም በ1949 እ.ኤ.አ. ገደማ ሠራው፤ ድርጅቱም ኋላ ወደ ታይለር፣ ቴክሳስ ተዛወረ።

ትሉ መንጠቆ ላይ ከሚሰካባቸው ዘዴዎች ሁሉ ብልሃተኛው በቴክሳስ ስም የሚጠራው ነው። ክሩ በጥይት ቅርጽ ባለው ክብደት ውስጥ አልፎ አንገቱ ከታጠፈ መንጠቆ ጋር ይታሰራል። የመንጠቆው ጫፍ በትሉ ራስ ገብቶ ጥቂት ሚሊሜትር እንደወረደ በጎን ይወጣል፤ ከዚያ መንጠቆው ይዞርና ጫፉ ተመልሶ በትሉ ገላ ውስጥ ይቀበራል። ጫፉ ስለተሸሸገ ማባበያው በውኃ ውስጥ ሣርና በወደቀ ግንድ መካከል ሳይያዝ ያልፋል፤ ባስ የሚያደባውም እዚያው ነው። ትሉ ግን ቀጥ ብሎ መሰካት አለበት፤ ከተጣመመ ሲጎተት እየተሽከረከረ ክሩን ያጠማዝዛል።

ባስ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ትሉ ሲሰምጥ ስለሆነ የአጥማጁ ዓይን ከክሩ መለየት የለበትም። ክሩ ድንገት ወደ ጎን ከሄደ የማጥመጃው ዘንግ በኃይል ይሳባል፤ መንጠቆው መጀመሪያ ፕላስቲኩን መብሳት አለበትና።

በሌላው ዘዴ፣ በዋኪ፣ መንጠቆው የትሉን ወገብ ይወጋል፤ ሁለቱ ጫፎች እየተርገበገቡ ይሰምጣሉ።

ዓሣ የዋጠው ፕላስቲክ አይፈጭለትም፤ ስለዚህ የተቀደደ ትል ውኃ ውስጥ አይጣል።