ገጀራና የቡና ግንድ፦ የጅማ ጓሮ አረም ታሪክ

ስለ ቡና የተጻፉት ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት ስለ ዘሩ መገኛ፣ ስለ ገበያውና መንግሥት ከእርሱ ስለሚያገኘው ቀረጥ ነው። ስለ አረሙ የሚያወሳ እምብዛም አይገኝም። ለነገሩ አረም ማንም የማይሸጠው፣ ማንም የማይመዝነው ነገር ስለሆነ መዘንጋቱ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች ከለቀማ ቀጥሎ የገበሬውን ጉልበት ሲጨርስ የኖረው አረም መሆኑን፣ ይልቁንም አረሙ የሚጠፋበት መሣሪያ ራሱ ቡናውን የሚገድልበት ጊዜ መምጣቱን ላስተዋለ ሰው፣ ጉዳዩ ከታሪክ ገጽ ሊጎድል የሚገባው አይደለም።

በጅማ ከተማ ዳርቻ ከሰቶ ሰመሮ አንሥቶ በማና፣ በጎማና በሊሙ ኮሳ እስከሚገኙት መንደሮች ድረስ ጓሮ ማለት የጎመን መደብ ብቻ አይደለም። ከቤቱ ኋላ እንሰት ይቆማል፤ ከእንሰቱ ቀጥሎ ጎደሬና ዱባ፣ ከዚያም ቡናው ከዋንዛ፣ ከብርብራና ከሰሳ ጥላ ሥር ይከተላል። ከከተማው በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመልኮ የሚለካው የዓመቱ ዝናብ 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከመጋቢት እስከ መስከረም ድረስ መሬቱ ከእርጥበት የሚለይበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቡናውን ያለመለመ ይኸው እርጥበት አረሙንም ያለመልማል።

አረም ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። እንደ ጨጎጊትና እንደ መጭ ያሉት በዘር ብቻ የሚራቡ ስለሆኑ፣ ከማፍራታቸው በፊት የነቀላቸው ሰው ለጊዜው ይገላገላቸዋል። ሰርዶና እንግጫ ግን ሌላ ናቸው። ሰርዶ በአፈር ላይም በአፈር ውስጥም የሚሳብ ግንድ አለው፤ እንግጫ ከሥሩ እንደ ፍሬ ያለ ድቡልቡል ነገር ይሰውራል። ዶማ ያረፈበት የሰርዶ ግንድ ከብዙ ቦታ ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱም ቁራጭ ራሱን የቻለ ተክል ሆኖ ይነሣል። ትጉሁ ቆፋሪ ሳያውቀው ዘሪ ይሆናል ማለት ነው። በጎጃም ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ እየዘፈኑ የሚነቅሉት እንግጫ የዚሁ ወገን ነው፤ በአንዱ አገር የበዓል ጌጥ የሆነው ሣር በሌላው አገር የጓሮ ጠላት ሆኖ ሲገኝ፣ አረም የሚለው ቃል የሣሩ ስም ሳይሆን የቆመበት ቦታ ስም መሆኑን ያስረዳል።

የቀደመው የቡና አያያዝ ዶማን ከቡና ጋር እምብዛም አያገናኝም ነበር። ጎመኑና ጎደሬው በእጅ ይታረማል፣ ይኮተኮታል። በቡናው ሥር ግን ቁጥቋጦውና ረጅሙ ሣር በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በገጀራ ይመነጠራል፤ ዋናው ምንጠራ የሚደረገውም በክረምቱ መውጫ፣ ለቃሚው መተላለፊያ እንዲያገኝና የረገፈው ፍሬ እንዲታይ ነው። የተቆረጠው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ሰርዶ ብርሃን ወዳድ ሣር ስለሆነ በጥላ ሥር አይበረታም፤ ከዋንዛውና ከሰሳው የሚረግፈው ቅጠልም አፈሩን ስለሚሸፍን የወደቀው የአረም ዘር በቀላሉ አይበቅልም። በምሕንድስና ቋንቋ ቢነገር፣ የአረም ማጥፋቱን ሥራ አብዛኛውን ይሠራ የነበረው የዛፉ አናት እንጂ የሰው ክንድ አልነበረም።

ቢሆንም ክንድ ማስፈለጉ አልቀረም። ክንዱ የማን ነበር ብሎ መጠየቅ የአካባቢውን ታሪክ መጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ የነበረው የሂርማታ ገበያ ከሌላው ሸቀጥ ጋር ሰውም የሚሸጥበት ነበር፤ ባለሥልጣኑና ባለጸጋው እርሻቸውን የሚያሠሩት በባሪያ ጉልበት ነበር። ተራው ገበሬ ደግሞ በዳዶና በዳቦ ይረዳዳ ነበር። ዳዶ ጥቂት ጎረቤቶች ተራ እየገቡ አንዱ በሌላው ማሳ ላይ የሚሠሩበት ሥርዓት ሲሆን፣ ዳቦ ማለትም አማርኛ ተናጋሪው ደቦ የሚለው፣ ባለቤቱ ምግብና መጠጥ አሰናድቶ ብዙ ሰው ለአንድ ቀን የሚጠራበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ባርነት በአዋጅ ከተሻረና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቡና ዋጋ ከናረ ወዲህ፣ ሥራ ፈላጊዎች ከሰሜንም ከደቡብም፣ ከእነዚህም መካከል ከዳውሮና ከከምባታ ወደ ጅማ ይጎርፉ ጀመር። ከዚህ ጊዜ አንሥቶ ገጀራ የያዘው ሰው የጓሮው ባለቤት አለመሆኑ የተለመደ ሆነ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ፣ እንደ ችግረኛ ሴቶችና እንደ ሕሙማን ላሉት ከተፈቀደው በቀር፣ ገበሬው ይዞታውን በቅጥር ሠራተኛ እንዳያሳርስ ከለከለ። የአዋጁ ዓላማ ጭሰኝነትን ማጥፋት እንጂ ስለ ሰርዶ መጨነቅ አልነበረም፤ ሆኖም በቅጥር ጉልበት ያሳርም የነበረው ባለቡና ወደ ቤተሰቡ ክንድና ወደ ዳዶ መመለስ ግድ ሆነበት። ቅጥር ሠራተኛ በብዛት የቀረው በሊሙና በጎማ በተቋቋሙት የመንግሥት የቡና እርሻዎች ነበር።

በዚህ መካከል ሳይንሱ በራሱ መንገድ ደርሶ ነበር። የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 ተከፈተ፤ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1966 ተመሠረተና የመልኮው ጣቢያ በተከታዩ ዓመት ሥራ ጀመረ። በ1971 የቡና ፍሬን እያጠቆረ የሚያረግፈው በሽታ በኢትዮጵያ በታየ ጊዜ፣ የመልኮ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ከየደኑ አሰባስበው መረጡ። 74110 እና 74112 የተባሉት ከእነዚህ ውስጥ ሲሆኑ፣ ቁጥራቸው የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን፣ ይዟል። አጫጭርና ጥቅጥቅ ያሉ ስለሆኑ ተቀራርበው በረድፍ ይተከላሉ። ታዲያ ረድፉ እስኪገጥም ድረስ ባሉት ጥቂት ዓመታት መሬቱ ለብርሃን ተጋልጦ ይቆያል፤ ሰርዶም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ዶማው ወደ ቡናው ሥር የገባው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው። የቡና ምግብ ሰብሳቢ ሥሮች አብዛኞቹ ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ስለሚገኙ ጥልቅ ኩትኳቶ ሥሩን ይቆርጣል፤ በተዳፋት ላይም የተራቆተውን ቀይ አፈር ዝናቡ ይዞት ይወርዳል።

ለሰፋፊ እርሻዎች የኬሚካል መፍትሔ ቀርቧል። ግራሞክሶን በሚል ስም የታወቀው ፓራኳት የነካውን ቅጠል ብቻ ስለሚያቃጥል ሰርዶው ከሥሩ ይመለሳል፤ ለሰውም ብርቱ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ለገበያ የቀረበው ግላይፎሴት፣ በንግድ ስሙ ራውንድአፕ፣ ከቅጠል ወደ መሬት ውስጥ ግንድ ስለሚወርድ በሰርዶ ላይ ይበረታል፤ ነገር ግን ነፋስ ወደ ቡናው ቅጠል ከወሰደው ቡናንም አይምርም። እንሰት፣ ጎደሬና ቡና ተቀላቅለው በሚበቅሉበት ጓሮ ውስጥ ይህን መርጨት ምን ያህል እንደሚያዋጣ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ስቱዋርት የተባለ የዕፅዋት በሽታ ሊቅ በከፋ ጠቅላይ ግዛት የሚታዩትን በሽታዎች ሲዘረዝር፣ የቡናን ዛፍ በቁሙ የሚያደርቅ ሻጋታ መኖሩን ጻፈ። ክራንዝና ሞግክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 ይህ ሻጋታ በ1927 በመካከለኛው አፍሪካ ከታየው የቡና ጠንቅ ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጡ። ቅጠሉ፣ ብዙ ጊዜም በዛፉ አንድ ወገን ብቻ፣ ቢጫ ሆኖ ይጠወልግና ይረግፋል፤ ቅርፊቱ ሲላጥ ከሥሩ ጠይም ወይም ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ጥቁር መስመር ይታያል፤ ዛፉም በወራት ውስጥ ይሞታል። መድኃኒት የለውም። በ1990ዎቹ በኡጋንዳና በኮንጎ ሮቡስታ የተባለውን ቡና የፈጀው የዚሁ ሻጋታ ዘመድ ነው፤ በኢትዮጵያ የሚያጠቃው ግን ዓረቢካውን ነው።

ሻጋታው ወደ ዛፉ የሚገባው በቁስል በኩል ነው። ቁስሉን የሚከፍተው ደግሞ ማን እንደ ሆነ በጅማ የምርምር ማዕከል ግርማ አዱኛና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱት ጥናት አሳይቷል፤ ይኸውም ሣር ሲመነጠር ከግንዱ ግርጌ ላይ የሚያርፈው ገጀራና ሲኮተኮት የሚስተው ዶማ ነው። ስለት የታመመውን ዛፍ ከነካ በኋላ ጤነኛውን ሲነካ በሽታውን ያሻግራል። ስለዚህም ከጫካው ቡና ይልቅ ብዙ የሚታረመውና ብዙ የሚኮተኮተው የጓሮ ቡና ይበልጥ ሲጎዳ ታይቷል። ባለቤቱ በተጋ ቁጥር ዛፉ የሚቆስልበት አጋጣሚ ይበዛል፤ ይህንን ለሚወድ ገበሬ መንገር ቀላል አይደለም። ደግሞም ገጀራው በዳዶ ተራ ወይም በቀን ሠራተኛ እጅ ከጓሮ ወደ ጓሮ ሲዞር፣ ሻጋታው አብሮ ለመዞር የሚያግደው ነገር አይኖርም።

የተመራማሪዎቹ ምክር ወደ ቀድሞው አያያዝ የሚያደላ ነው። ከግንዱ ዙሪያ ያለው አረም በእጅ ይነቀል፤ የቀረው መሬት በጉዝጓዝ ወይም በሽፋን ሰብል ይሸፈን፤ የጥላ ዛፍ ይጠበቅ፤ ገጀራው ከዛፍ ወደ ዛፍ ከመሻገሩ በፊት በእሳት ይለብለብ ወይም በበረኪና ይታጠብ፤ የታመመው ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ በቆመበት ይቃጠል፤ በጉድጓዱም ወዲያውኑ ሌላ ችግኝ አይተከል። በወረቀት ላይ ይህ ሁሉ ቀላል ነው። በጓሮ ውስጥ ግን ለጉዝጓዝ የታሰበውን ሣር ላሟ ትፈልገዋለች፤ በእጅ መንቀል ከምንጠራ ይልቅ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ የደረቀ የቡና እንጨትም ደኅና ማገዶ ስለሆነ በቆመበት ማቃጠል ለቤት እመቤቲቱ ብክነት ይመስላታል። እንጨቱም ወደ ማድቤት ሲጎተት በየመተላለፊያው ቅርፊቱን ያንጠባጥባል፤ በቅርፊቱም ላይ የሻጋታውን ዘር የያዙት ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ።