የኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች ወራትና ስንቅ

ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ሁለት ነገር ይመረምራል፤ ይኸውም የአገሩ አየር በየትኛው ወር መልካም እንደ ሆነና ከኪሱ የሚወጣው ገንዘብ ምን ያህል እንደ ሆነ ነው። ይህ ልማድ ከአውሮፕላን ጋር የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን አባቶቻችንና እናቶቻችን ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ በእግራቸው ሲወጡ ይህንኑ ሂሳብ ያስቡ ነበር፤ ሂሳቡ ሲሳሳትባቸው ግን የሚጎድለው ገንዘብ ብቻ አልነበረም።

የተሳላሚው ሁሉ ምኞት ሕማማትንና ትንሣኤን በጎልጎታ ማሳለፍ ነው። በባሕረ ሐሳብ ቀመር ትንሣኤ ከመጋቢት 26 ቀን አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 ቀንም አያልፍም። በእኛ የወራት አከፋፈል ጸደይ የሚገባው ደግሞ በዚሁ በመጋቢት 26 ቀን ነው። በኢየሩሳሌምም ይህ ወራት መጽሐፍ ቅዱስ የኋለኛው ዝናብ የሚለው የሚያበቃበት፣ ኮረብታው ገና ልምላሜውን ያልጣለበት፣ የበጋው ሐሩርም ያልጠናበት ነው። ክፉው ነገር ነፋሱ ነው። ከምድረ በዳ አቧራ ይዞ የሚነሣውን ትኩስ ነፋስ ዐረቦች ኀምሲን ይሉታል፤ ትርጓሜውም ከእኛው ኀምሳ ጋር አንድ ነው፤ በጸደይ ኀምሳ ቀን ያህል አልፎ አልፎ ይነፍሳልና።

በዚህ ጊዜ በዚያ ለመገኘት ከአገር መውጣት የሚገባው በጥር ነበር። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ተሳላሚዎች በሰሜን በኩል ተሰብስበው ከጥምቀት በኋላ ለሕማማት ለመድረስ ይነሡ እንደ ነበረ ጽፎልናል። ወራቱ በብልሃት የተመረጠ ነው። ወንዞች ጎድለዋል፤ የቈላው ሙቀት ገና አልበረታም፤ እህልም ከጎተራ ገብቷል። ስንቁስ ምን ነበር ቢሉ፣ የአገራችን መንገደኛ የታወቀ ስንቅ በሶና ዳቦ ቆሎ ነው፤ የማይበላሽ፣ እሳት የማይፈልግ፣ ለሸክም የቀለለ። ዐቢይ ጾም በመንገድ ላይ ስለሚገባም ተሳላሚው ሥጋና ቅቤ አማረኝ ብሎ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት አልነበረውም፤ የጾሙ ሥርዓት ሳይታሰብ የኪስም ጠባቂ ሆነ ብንል እንደ ድፍረት አይቈጠርብን።

ሆኖም ወራቱን ማወቅ ብቻውን አያድንም ነበር። ይኸው አልቫሬዝ በእርሱ ዘመን የሆነውን ሲናገር፣ ከ300 በላይ የሆኑ መነኮሳት ከጥቂት መነኮሳይያት ጋር እንደ ተነሡ፣ ወደ ሱዋኪን በሚወስደው በረሃ ሽፍቶች እንደ ወደቁባቸው፣ ሽማግሎቹ ተገድለው ወጣቶቹ እንደ ተሸጡ፣ ያመለጡትም እጅግ ጥቂቶች እንደ ነበሩ ይተርካል። እነዚህ ሰዎች ስንቃቸውን አሰናድተዋል፣ ጊዜያቸውንም በትክክል ለክተዋል። የጎደላቸው ጠባቂ ነበር፤ እርሱን ደግሞ ድኻ መነኵሴ ከወዴት ያመጣዋል?

በምጽዋ በኩል በባሕር ለሚሄደውም ነፋሱ የራሱ ሕግ ነበረው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል ነፋሱ ወደ ሰሜን ስለሚገፋ ለሚወጣው ሸራ ይመቸዋል፤ ከመካከሉ አልፎ ወደ ስዌዝ ሲቀርብ ግን የሰሜኑ ነፋስ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። የስዌዝ ቦይ በ1862 ዓ.ም. ከተከፈተና የእንፋሎት መርከብ ከተበራከተ በኋላ ይህ ችግር ቀለለ። ያፋ ሲደርስ ግን ሌላ ችግር ይጠብቀው ነበር። የያፋ ባሕር ዳር ድንጋያማ፣ ለመርከብ መጠጊያ የሌለው ስለ ሆነ መንገደኛው በጀልባ ይወርዳል፤ በክረምታቸው ማዕበል ሲነሣ መርከቡ ማውረድ አቅቶት ተሳፋሪውን ይዞ ወደ ሌላ ወደብ ያልፋል። በጸደይ የሄደ ሰው ከዚህ ዐይነቱ ያልታሰበ ወጪ ይድናል። ከ1885 ዓ.ም. ወዲህ ከያፋ እስከ ኢየሩሳሌም ባቡር ሄደ፤ መክፈያ ያነሰው ግን ሁለት ቀን ያህል በእግሩ ይወጣ ነበር።

ከደረሰ በኋላ የእንግዳው ማረፊያ ዴር ሡልጣን ነበር። መነኮሳቱ ራሳቸው የሚበሉት ያጡ ድኾች ነበሩ፤ በ1830 ዓ.ም. ገደማ ወረርሽኝ ሲፈጃቸው መጻሕፍታቸው ተቃጠሉ፤ የይዞታውም ክርክር ከዚያ ወዲህ በረታ። እንግዲህ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ተጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመውን ደብረ ገነትን፣ እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ በዚያች ከተማ ያቆሟቸውን ቤቶች ስናስብ ጌጥ ብቻ አድርገን ልናያቸው አይገባም። የቤቶቹ ኪራይ ለመነኮሳቱ ምግብ ይሆን ነበርና የድኻው ተሳላሚ መንገድ ከዚያ ወዲያ እንዳይዘጋ ያደረገ ሥራ ነው።

መመለሻው ከመሄጃው ይልቅ ያስቸግር ነበር። ከጰራቅሊጦስ በኋላ የሚነፍሰው የሰሜን ነፋስ ሸራውን ወደ ምጽዋ በደኅና ያመጣዋል፤ ግን የምጽዋ ሙቀት በዚያን ጊዜ ከመጠን ያለፈ ነው። ሐማሴን ደጋ ላይ ደርሶ ዕፎይ ቢልም መረብና ተከዜ ሞልተዋል። አገሩ ጎንደር ወይም ጎጃም የሆነ ሰው ወንዙ እስኪጎድል መክረም ነበረበት። ስለዚህ በጥምቀት ማግሥት ወጥቶ ለመስቀል ከቤቱ የደረሰ ሰው ፈጥኖ እንደ ተመለሰ ይቈጠር ነበር ብንል ከእውነት የምንርቅ አይመስለንም።

ዛሬ ይህ ሁሉ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ያህል ነው። በዓሉን በዚያው ሊያከብር የሚፈልግ ሰው ሁሉም በሚሄድበት ሳምንት ስለሚሄድ መሳፈሪያውም ማደሪያውም ይወደድበታል፤ ቦታዎቹን መሳለም ለሚበቃው ግን ከዳግማዊ ትንሣኤ በኋላ ያሉት ሳምንታት ይሻሉታል፤ ሰዉ ይቀንሳል፣ አየሩም ገና አልከፋም። ኀምሲኑ ግን እንደ ድሮው በሚያዝያና በግንቦት ይነፍሳልና አፍና አፍንጫ የምትሸፍን ቀጭን ነጠላ ከሻንጣው ውስጥ ብትኖር መልካም ነው።