«ሳይነስ ተቀዶ አይድንም» የሚለው ወሬ ከየት መጣ?

እዚህ አምበር ለቆየ ሳይነስ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሪፈር ልጻፍ ስል ብዙ ጊዜ የሚመለስልኝ «ተይው ልጄ፣ ሳይነስ ተቀዶ አይድንም፣ ይመለሳል» የሚል ነው። ወሬው ከባዶ አልተነሣም፤ ጊዜው ግን አልፎበታል።

ሳይነስ በጉንጭ፣ በግንባርና በአፍንጫ ዙሪያ አጥንት ውስጥ ያለ፣ አየር የሚገባበት ክፍተት ነው። የድሮው ቀዶ ሕክምና ስሙን ያገኘው ከሁለት ሐኪሞች ነው፤ ካልድዌል በ1893 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ፣ ሉክ በ1897 ፓሪስ ላይ ስለ ዘዴው ጻፉ። የላይኛውን ከንፈር ገልበው፣ ከጥርሱ በላይ ድዱን ቀደው፣ የጉንጩን አጥንት በስተው ይገባሉ። የታመመውን ሽፋን ጠርገው ያወጡና ፈሳሹ እንዲወርድ ወደ አፍንጫ አዲስ ቀዳዳ ይከፍታሉ። ጉንጭ ያብጣል፤ ከንፈርና ጥርስ ይደነዝዛል። የዳነ አለ። ይህን ሁሉ ችሎ ንፍጡ የተመለሰበትም አለ።

ለምን? መልሱን በኦስትሪያ፣ ግራትስ ከተማ፣ ቫልተር መሰርክሊንገር የተባለ ሐኪም አገኘው። የሳይነስ ንፍጥ ዝም ብሎ ወደ ታች አይፈስም። በሽፋኑ ላይ ያሉ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች እየገፉ ወደ ተፈጥሮ በሩ ይወስዱታል፤ ሐኪም የከፈተውን ቀዳዳ እንኳ አልፎት ይሄዳል! በሩ ከተደፈነ አዲሱ ቀዳዳ ብዙ አይረዳም። ገበሬ ማሳው ውሃ ሲቋጥርበት የተደፈነውን ቦይ ይጠርጋል እንጂ ማሳውን አይልጥም።

በሩን ለመክፈት ግን ማየት ያስፈልጋል። የእንግሊዛዊው ሆፕኪንስ ሌንስ ያለው ቀጭን ኢንዶስኮፕና ሲቲ ስካን ይህን አስቻሉ። መሰርክሊንገር በ1978 መጽሐፉን አሳተመ፤ በ1985 ዴቪድ ኬኔዲ ዘዴውን በአሜሪካ አስተዋወቀ። አሁን የሚገባው በአፍንጫ ቀዳዳ ነው፤ ፊት አይቀደድም።

ይህም ቢሆን ተአምር አይደለም። አለርጂ ወይም የአፍንጫ ውስጥ ሥጋ ያለበት ሰው ከቀዶ ሕክምናው በኋላም በጨው ውሃ ማጠቡንና የታዘዘለትን ስፕሬይ ካቆመ ሊመለስበት ይችላል። ማጠቢያው ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ሪፈር የምጽፈውም ሕመሙ ከ12 ሳምንት በላይ ቆይቶ፣ መድኃኒቱ በአግባቡ ተወስዶ ለውጥ ላጣ ሰው ነው። ልጆች ላይ ቀዶ ሕክምናው እምብዛም አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ከአፍንጫ ጀርባ ያለው አዴኖይድ ነው።

የልጅዎ ዓይን ዙሪያ ካበጠ፣ እይታው ከተዛባ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ ግን ሪፈር አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት።