ዲኤንኤን የከሰሰ ደም

እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ የማወጋችሁ ገና ያልተቋጨ የፍለጋ ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948፣ አሜሪካ ሚኔሶታ ውስጥ ባለው ማዮ ክሊኒክ፣ ማልኮልም ሃርግሬቭስ የሚባል ሐኪም ከሕመምተኞች መቅኒ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ያያል። ሕመሙ ሉፐስ ነው፦ መገጣጠሚያ የሚቆረጥም፣ ፊት ላይ ሽፍታ የሚያወጣ፣ ሲከፋ ኩላሊት ድረስ የሚዘልቅ፤ ከአሥር ታማሚ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። ሃርግሬቭስ ምን አየ መሰላችሁ? አንድ ነጭ የደም ሴል የሌላ ሴል ኒውክሊየስ ውጦ ተቀምጧል! ባክቴሪያ ቢውጥ ማን ይገረማል፤ ሥራው ነው። የገዛ ወገኑን መዋጡ ግን ምን ይባላል?

በ1957 ደግሞ ተመራማሪዎች በሕመምተኞቹ ደም ውስጥ ዲኤንኤ ላይ የሚነሡ ፀረ እንግዳ አካላት አገኙ። የሚጠቃው ታወቀ፤ ለምን እንደሚጠቃ ግን አልታወቀም።

የኔን ቀልብ ይበልጥ የያዘው በ2003 የወጣ አንድ ጥናት ነው። የአሜሪካ ጦር የወታደሮቹን የደም ናሙና ያስቀምጥ ነበር። ኋላ ሉፐስ የያዛቸው 130 ሰዎች ተለዩና፣ በጤናቸው ዘመን የሰጡት ደም ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ተመረመረ። ከመቶ 88ቱ ላይ ራስን የሚያጠቁት ፀረ እንግዳ አካላት ሕመሙ ሉፐስ መሆኑ ከመታወቁ በፊት ተገኙ፤ በአንዳንዱማ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ቀድመው! ወታደሩ ሰልፍ ይወጣል፣ ይበላል፣ ይስቃል፤ ደሙ ውስጥ ግን ክሱ ተጽፎ አልቋል።

አሁን ወደ ስፔን ላሻግራችሁ። አንዲት ልጅ በ7 ዓመቷ ክፉኛ ሉፐስ ያዛት። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ሲበረታ ከጀርባው አንድ ጂን ሊኖር ይችላል። ተመራማሪዋ ካሮላ ቪኑዌሳና ባልደረቦቿ የልጅቱን ጂኖች በሙሉ አስነብበው፣ ቲኤልአር7 በሚባለው ጂን ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣ አገኙ። ይህ ጂን የቫይረስ አርኤንኤ ሲገባ የሚያነቃ ጠቋሚ ይሠራል። በልጅቱ ሰውነት ግን ጠቋሚው ኮሽታ ሁሉ ሌባ እንደሚመስለው የሌሊት ዘበኛ ሆነ፤ በራሷ አርኤንኤ ውስጥ ያለውን ጓኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ከልክ በላይ ያሸታል። ያችኑ ፊደል በአይጦች ጂን ላይ ቢለውጡ፣ አይጦቹም ሉፐስ መሰል በሽታ ያዛቸው። ጥናቱ በ2022 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ።

ጂኑ ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ አንዱ ዝም ማለት ሲገባው፣ በአንዳንድ ሴሎች ይህ ጂን ዝም አይልም። ከአሥሩ ዘጠኙ ለምን ሴቶች ሆኑ ለሚለው ይኸ አንዱ ፍንጭ ነው፤ ሙሉው መልስ ነው ብዬ ግን አላታልላችሁም።

በዚያው በ2022 በወጣ ሌላ ጥናት፣ ጀርመን ኤርላንገን ውስጥ፣ ሕመማቸው ለመድኃኒት አልበገር ያላቸው አምስት ሕመምተኞች የገዛ ቲ ሴላቸው (ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ) ተወስዶ፣ ቢ ሴሎችን እንዲገድል ተሠርቶ ተመለሰላቸው። የአምስቱም ሕመም ጋብ አለ። ቢ ሴሎቹ እንደገና ሲተኩም፣ በክትትሉ ጊዜ በሽታው አላገረሸም። ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመነጩት የቢ ሴሎች ዘር ናቸውና፣ ከ1957ቱ ግኝት ጋር ይገጥማል።

የስፔኗን ልጅ ፊደል ሌላው ታማሚ ላይ ብትፈልጉ ግን አብዛኛውን ጊዜ አታገኟትም። የብዙዎቹ ሉፐስ ከበርካታ ጂኖች መደራረብ የሚነሣ ነው፤ የፀሐይ ጨረርና ኢንፌክሽንም ይቀሰቅሱታል። ስለዚህ የሉፐስን ምክንያት በአንድ ቃል እነግራችኋለሁ የሚል ቢመጣ አትመኑት።